ኮምፕሬሰሩን አትግዛ፤ መጀመሪያ ሮታሜትሩን እይ

ጥያቄ፦ «በአዳማ የኬሚካል ኢንጂነሪንግ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ከግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ በብል ኮለም ሪአክተር፣ ማለትም አየር ከታች እየገባ በውሃው ውስጥ በበብል (በአየር አረፋ) መልክ የሚወጣበት ቁም ቱቦ ሠርቻለሁ። የቱቦው የውስጥ ዲያሜትር 15 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 2.2 ሜትር ነው። 1.6 ሜትር ድረስ የቧንቧ ውሃ እሞላዋለሁ። አየሩ ከታች የሚገባው 1 ሚሊ ሜትር የሆኑ 60 ቀዳዳዎች ባሉት ፕሌት ነው። ሮታሜትሩ (የአየር ፍሰት መለኪያው) በደቂቃ 25 ሊትር እስኪል ድረስ በብሎቹ ደቃቅና እኩል ናቸው። ከዚያ በላይ ትልልቅ በብሎች ይመጡና ውሃው ይናጣል። መጻሕፍቱ ይህ ለውጥ በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይመጣል ይላሉ፤ የእኔ፣ የአየሩን ፍሰት ለቱቦው ስፋት ሳካፍለው፣ በ2.4 መጣ። አየሩን ወደ 50 ሳሳድገው ሆልድአፑ (ከኮለሙ ይዘት አየሩ የያዘው ድርሻ) ከ15 በመቶ ወደ 19 ብቻ ነው የሄደው። ኬ-ኤል-ኤውም (ኦክሲጅን ወደ ውሃው የሚገባበት ፍጥነት መለኪያ) አልጨመረም። የሟሟው ኦክሲጅን በሊትር ከ6.9 ሚሊ ግራም አያልፍም፤ ሠንጠረዡ ግን 8.3 ይላል። አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ስጨምር ሆልድአፑ በአንዴ ዘለለ። በመጨረሻ የወንጂ ሞላሰስ ላይ እርሾ ላሳድግበት ነው። ትልቅ ኮምፕሬሰር ልግዛ ወይስ ሳሙናው ይበቃኛል? ፎቶ አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አታድርግ። ኮለምህ ጤነኛ ነው። የታመመው የአየሩ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር እናስቀድም። አማርኛው «አረፋ» ለሁለት ነገር ስለሚሆን፣ ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፈች የምትወጣውን በብል፣ ላዩ ላይ የሚቆለለውን ደግሞ አረፋ እላለሁ። አለዚያ ሳሙናው ጋ ስንደርስ ግራ እንጋባለን።

ጥርጣሬዬ የጀመረው ከራስህ ቁጥር ነው። የአየሩን ፍጥነት በሆልድአፑ ስታካፍል፣ በብሎቹ በአማካይ በምን ፍጥነት እንደሚወጡ ታገኛለህ። 2.4ን ለ0.15 ስናካፍል በሰከንድ 16 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሆን በብል ብቻዋን ስትወጣ በሰከንድ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ትሄዳለች። ብዙ ሲሆኑ እየተገፋፉ ትንሽ ይዘገያሉ። ቢሆንም 16 ለደቃቅ በብል እንኳ ሰነፍ ነው። ከሁለት አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ሆልድአፑ ወይም አየሩ።

ከዚያ ፎቶህን ከፈትኩት። ጌጁ ኮምፕሬሰሩ ላይ ነው፤ መርፌው 2 ባር ላይ ቆሟል። ከኮምፕሬሰሩ የወጣው ቱቦ ቀጥታ ሮታሜትሩ ውስጥ ይገባል። አየሩን የምታንቀው ቫልቭ ከሮታሜትሩ በኋላ ነው ያለው። ስለዚህ ሮታሜትሩ ውስጥ ያለው አየር በ2 ባር የታመቀ ነው። ሮታሜትሩ ግን ይህንን አያውቅም። ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብበው፤ አብዛኛው የአየር ሮታሜትር በ20 ዲግሪና በባሕር ጠለል ግፊት፣ ማለትም በ101.3 ኪሎ ፓስካል የተለካ ነው።

አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። የከባቢ አየሩ ግፊት ወደ 83 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። የጌጁን 2 ባር ስትጨምርበት 283 ይሆናል። የታመቀ አየር ከባድ ስለሆነ ተንሳፋፊዋን ኳስ በትንሽ ፍሰት ከፍ ያደርጋታል። 101.3ን ለ283 አካፍለህ ስኩዌር ሩቱን ስታወጣ 0.6 ገደማ ነው። ሮታሜትሩ 25 ሲል በውስጡ የሚያልፈው 15 ሊትር ብቻ ነው ማለት ነው። ግን ይህ 15 ሊትር የታመቀ ነው። ቱቦህ ውስጥ ገብቶ ሲፈታ፣ በኮለሙ መሐል ግፊቱ 91 ኪሎ ፓስካል ገደማ በመሆኑ ከ3 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ሲጠቃለል 25 ያልከው ወደ 47 ሊትር ነው። 50 ያልከው 93 ነው። ያነበብከውን ሁሉ በ1.86 ማባዛት ነበረብህ።

አሁን መልሰህ እየው። ለውጡ የመጣው በሰከንድ 2.4 ሳይሆን በ4.4 ሳንቲ ሜትር ነው። መጽሐፉ ከሚለው ውስጥ ገባ። በብሎቹም በሰከንድ 29 ሳንቲ ሜትር እየወጡ ነበር፤ ይህ ጤነኛ ቁጥር ነው። ፕሌትህን ስትወቅሰው የከረምከው በከንቱ ነው። አይዞህ፣ እኔም ተማሪ እያለሁ ይቺው ቫልቭ ሦስት ሳምንት በልታብኛለች።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። «አየር ስጨምር ለምን አልጨመረም?» የሚለው ጥያቄ ሮታሜትሩ ቢስተካከልም አይጠፋም። በብል ኮለም ውስጥ ሁለት ዓይነት የፍሰት ጠባይ አለ። የመጀመሪያው ወጥ ፍሰት ነው። በብሎቹ መጠናቸው ይቀራረባል፤ እርስ በርስ ብዙም አይነካኩም፤ በቱቦው ስፋት ሁሉ እኩል ተበትነው ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ አየር ስትጨምር የበብሎቹ ቁጥር ይጨምራል፤ ሆልድአፑም አብሮ በቀጥታ ይወጣል። ሁለተኛው ዝብርቅርቅ ፍሰት ነው። በብሎቹ ሲበዙ ይገጣጠማሉ፤ ትልልቆች ይወለዳሉ። ትልቋ በብል ፈጣን ናት። ከኋላዋም የምትጎትተው የውሃ ጅራት አላት። በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲያልፍ አቧራውንና ፌስታሉን ከኋላው ይዞት እንደሚሄደው ሁሉ፣ ከኋላዋ ያሉትን በብሎች ስባ ትውጣቸዋለች። ስትውጥ ታድጋለች፤ ስታድግ ትፈጥናለች።

ከዚህ በኋላ የምትጨምረው አየር አብዛኛው በእነዚህ ትልልቆች ተሳፍሮ ውሃው ውስጥ ሳይቆይ ይወጣል። የአንተን ተመልከት። አየሩ ከ4.4 ወደ 8.8 በእጥፍ አደገ። የበብሎቹ አማካይ ፍጥነት ግን ከ29 ወደ 46 ሳንቲ ሜትር ዘለለ። ፍጥነት ሲጨምር ቆይታ ያጥራል። ሆልድአፑ ከ15 ወደ 19 ብቻ የሄደው ለዚህ ነው። ምንም የተበላሸ ነገር የለም።

ውሃው «ይናጣል» ያልከው ቃል ትክክል ነው። በዝብርቅርቅ ፍሰት ጊዜ በብሎቹ ወደ መሐል ይሰበሰባሉ። መሐሉ ስለሚቀል ውሃው እዚያ ወደ ላይ ይነዳል፤ በግድግዳው በኩል ደግሞ ወደ ታች ይመለሳል። ከቱቦው ፊት ለፊት ቁመህ ግድግዳው አጠገብ ያሉትን ደቃቅ በብሎች ተከታተል። ቁልቁል ሲሄዱ ታያለህ። ብዙ ተማሪ ይህን ሲያይ ዓይኑን ይጠራጠራል። ለመቀላቀል ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ እርሾህ ታች አይተኛም። ለኦክሲጅን ግን የጨመርከውን አየር ያህል አይከፍልህም።

ከታችም ገደብ አለ። ሮታሜትርህ ላይ በግምት ከ18 በታች ስትሆን በቀዳዳዎቹ የሚያልፈው አየር ከውሃው የገጽ ውጥረት ጋር ተሟግቶ ሁሉንም ቀዳዳ ማሠራት ያቅተዋል። አንዳንዱ ቀዳዳ ይሠራል፤ አንዳንዱ ውሃ ያንጠባጥባል። ወጥ ፍሰት ያልከው የመጀመሪያው ዳታህ በከፊል የሰነፉ ቀዳዳዎች ዳታ ሊሆን ይችላል። በእጅ ባትሪ ከታች አብራና ቁጠራቸው። ፕሌቱንም በውሃ ልክ ፈትሸው። ቱቦው ትንሽ ካዘመመ በብሎቹ አንድ ግድግዳ ይዘው ይወጣሉ፤ ያኔ ወጥ ፍሰት የሚባል ነገር የለም።

ኦክሲጅኑ ከ6.9 አላልፍ ያለህ አየር ስላነሰ አይደለም። 8.3 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው፤ በ25 ዲግሪ። አዳማ ላይ በዚያው ሙቀት የውሃው ጣሪያ ወደ 6.7 ሚሊ ግራም ነው። የአንተ ትንሽ ከፍ ያለው ታች ያሉት በብሎች የውሃው ክብደት ስላለባቸው ነው። የፈለግከውን ኮምፕሬሰር ብታመጣ ጣሪያው ንቅንቅ አይልም። ኬ-ኤል-ኤ ወደ ጣሪያው በምን ፍጥነት እንደምትደርስ ነው የሚናገረው። ጣሪያው ሌላ፣ ደረጃው ሌላ ነው። ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ከፈለግክ ያለህ መንገድ ግፊት ወይም ንጹሕ ኦክሲጅን ነው። ግፊቱን ደግሞ በፕላስቲክ ቱቦ እንዳታስበው። የቱቦው አፍ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። 2 ባር ከተዘጋ ፕላስቲክ ጋር ከተገናኘ የሚፈነዳው በፊትህ ነው።

ኬ-ኤል-ኤው ግን መጨመር ነበረበት። ለንጹሕ ውሃ በሰፊው በሚሠራበት ቀመር አየሩ በእጥፍ ሲያድግ ኬ-ኤል-ኤው ወደ 1.6 ጊዜ ያድጋል። በአንተ ፍጥነቶች ከ0.036 ወደ 0.058 በሰከንድ ይሄዳል ብዬ እጠብቃለሁ። አልሄደም ካልክ የምጠረጥረው የኦክሲጅን መለኪያህን ዘንግ ነው። በ0.036 ውሃው ራሱ 28 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ በ0.058 ደግሞ 17። ዘንጉ ምላሽ ለመስጠት 20 ሰከንድ የሚፈጅበት ከሆነ የለካኸው ኮለሙን ሳይሆን ዘንጉን ነው። ሞክረው። ሰልፋይት ከጨመርክበት ኦክሲጅን አልባ ውሃ አውጣና አየር በጠገበ ውሃ ውስጥ በአንዴ ንከረው፤ ከለውጡ 63 በመቶ ለመድረስ የሚፈጅበትን ሰከንድ ቁጠር። 4 ወይም 5 ሰከንድ ከሆነ ተጠቀምበት። 20 ከሆነ ፈጣን ዘንግ ተዋስ፤ ብር ማውጣት ካለብህ ከኮምፕሬሰሩ ይልቅ እዚህ አውጣው።

ሰልፋይቱን ካነሳን፣ አንድ ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ለማጥፋት ወደ 8 ሚሊ ግራም ሶዲየም ሰልፋይት ይሄዳል። ውሃውን ሳትቀይር ሙከራውን ከደጋገምከው ጨው ይጠራቀማል። ጨው ደግሞ በብሎች እንዳይገጣጠሙ ያደርጋል። ጠዋት የለካኸውና ማታ የለካኸው አንድ ፈሳሽ አይሆኑም። ሰልፋይቱ ቶሎ እንዲሠራ የምትጨምረው ማፋጠኛ ኮባልት ከሆነ ጓንት አድርግ፤ ሙከራውን የጨረሰውንም ውሃ ቦይ ውስጥ አትድፋው።

ሳሙናው። ሆልድአፑ መዝለሉ እውነት ነው። ሳሙና የበብሎቹን ገጽ ይለብሳል፤ ሲነካኩ አይዋሃዱም፤ ደቃቅ ሆነው በዝግታ ይወጣሉ። ገጹ ሰፋ ማለት ነው። ግን ያው የለበሱት ሽፋን በብሏን እንደ ጠንካራ ኳስ ያደርጋታል፤ በገጿ ላይ የሚንሸራተተው ውሃ ይቆማል፤ ኦክሲጅኑም ወደ ውሃው የሚያልፍበት ፍጥነት ይወድቃል። በቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ የሚሠሩ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ሳሙና የበዛበት ውሃ ለአየር ማስገቢያቸው ራስ ምታት ነው። ሆልድአፕ ጨመረ ማለት ኦክሲጅን ጨመረ ማለት አይደለም። ከዚያ በላይ እርሾው ሳሙናውን አይወድልህም፤ ላዩ ላይ የሚቆለለው አረፋም በቱቦው አፍ ገንፍሎ ወለሉን ያጥበዋል።

የሳሙናው ተቃራኒ ዘይት ነው። ፎቶህ ላይ ያለው ከጎሚስታ የምናውቀው ዓይነት ፒስተን ኮምፕሬሰር ነው። እንደዚህ ያለው በአየሩ ውስጥ የዘይት ጉም ይልካል። በፊት በሠራሁበት ላብ አንድ ኮለም በየሳምንቱ እየደከመ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን አየሩን አጥፍተን ውሃውን ስናስተኛው ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ሽፋን አየን። ሶፍት ነከር ስናደርግበት ቅባት ይዞ ወጣ። ዘይት በብሎችን ያገጣጥማል፤ አረፋ ማጥፊያ ሆኖ የሚሠራውም ለዚሁ ነው። ከሬጉሌተሩ (ከግፊት መቆጣጠሪያው) በኋላ የዘይት ማጣሪያ አስገባ። ርካሽ ነው። ትልቅ ኮምፕሬሰር ብትገዛ ደግሞ የምታገኘው ትልቅ የዘይት ምንጭ ነበር።

ግፊቱም አያስፈልግህም። 1.6 ሜትር ውሃ የሚጫነው ወደ 0.16 ባር ነው። ፕሌቱ ላይ የሚጠፋው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ኮለምህ የሚጠይቀው ከ0.2 ባር ብዙም አይዘልም፤ አንተ እስከ 2 ባር አምቀህ ቫልቭ ላይ ታባክነዋለህ። ፋብሪካ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ጥልቀት የሚተከለው ብሎወር፣ ማለትም በትንሽ ግፊት ብዙ አየር የሚነፋ ማሽን ነው።

እንግዲህ የምልህ ይኸው ነው። መስመሩን ቀይረው፤ ሬጉሌተር፣ የዘይት ማጣሪያ፣ ማነቂያ ቫልቭ፣ ከዚያ ሮታሜትር፣ ሮታሜትሩ መውጫ ላይ ትንሽ ጌጅ፣ ከዚያ ምንም ሳይታነቅ ወደ ኮለሙ። ያኔ ሮታሜትሩ ውስጥ ያለው ግፊት 83 ሲደመር የውሃው 16፣ ከፕሌቱ ጋር ወደ 100 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። የአዳማ ከፍታና የውሃህ ጥልቀት ተደምረው መለኪያው በተሠራበት ግፊት ላይ ያሳርፉሃል፤ እንዲህ ያለ ዕድል አይገኝም። የሚቀርህ ማስተካከያ 11 በመቶ ገደማ ነው፤ በኮለሙ መሐል አየሩ ስለሚሰፋ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መብራት ጠፍቶ ኮምፕሬሰሩ ከቆመ ውሃው በፕሌቱ ወርዶ ሮታሜትሩን ይሞላዋል። ወይ ቱቦውን ከውሃው ከፍታ በላይ አዙረህ መልሰው፣ ወይ የማይመልስ ቫልቭ ግጠም። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ።

ሆልድአፑን የሚዘለውን የውሃ ገጽ እያየህ በማስመሪያ አትለካ፤ በዝብርቅርቅ ፍሰት ጊዜ ዓይን ከፍተኛውን ይመርጣል። ቱቦው ላይ በ1 ሜትር ርቀት ሁለት ቀዳዳ አውጣና ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበትን ግልጽ ቱቦ ከሁለቱም አውጥተህ ጎን ለጎን አቁማቸው። ከላይኛው ቀዳዳ የወጣው ከታችኛው በ15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ሆልድአፑ 15 በመቶ ነው። በብል ወደ ቱቦዎቹ እንዳይገባ ብቻ ጠብቅ። ከዚያ ፍጥነቱን በሆልድአፕ እያካፈልክ አስር ያህል ነጥብ ሳል። መስመሩ በድንገት ቀና የሚልበት ቦታ የለውጡ ቦታ ነው። የምትሠራው ከዚያ ነጥብ ትንሽ በታች ሆነህ ነው። ለአንተ ፕሌት በሰከንድ 4 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ብትጀምር አትሳሳትም።

ሞላሰሱ ሲገባ ይህ ሁሉ እንደገና ይለካል። በደንብ ካቀጠንከው ብዙ አያስቸግርህም። ወፍራም ካደረግከው ግን ሽሮ ሲንተከተክ የምታየው ይመጣል፤ ትልቅ በብል ቀስ ብላ ትነሳለች፣ ትፈነዳለች፣ ደቃቁ ይጠፋል። በ15 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ውስጥ ደግሞ እነዚያ ትልልቆች የቱቦውን ስፋት ሞልተው እንደ ቡሽ ሊወጡ ይችላሉ። አረፋውን ለማጥፋት የምትጨምረው ዘይት ኬ-ኤል-ኤውን ስለሚጥልብህ በጠብታ ቁጠረው። የውሃ ቁጥር ይዘህ ስለ ሞላሰስ አትጻፍ፤ ገምጋሚህ መጀመሪያ የሚይዝህ እዚያ ነው።

15 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ለሆልድአፕ የግድግዳው ተጽዕኖ መቅለል የሚጀምርበት ልክ ነው፤ ቁመቱም ከዲያሜትሩ ከ5 እጥፍ በላይ ስለሆነ ደህና ነህ። ስለ ውሃው ዝውውር ግን ከዚህ ወደ 1 ሜትር ኮለም አትዝለል። መሐል ላይ የሚነዳው ውሃ ቱቦው በሰፋ ቁጥር ይፈጥናል። 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳም ለትልቅ ኮለም ከተለመደው ይደቅቃል፤ ያን የሚያምር ወጥ ፍሰትህን ፋብሪካ ውስጥ አታገኘውም።

የድሮ ዳታህን እንዳትጥለው። ጌጁ 2 ባር ላይ መሆኑን የመዘገብክበትን ቀን ሁሉ በ1.86 አባዛው። ጌጁ ሌላ ቁጥር ያለበትን ቀን በዚያው መንገድ ለየብቻ አስላው። ግፊቱን ያልጻፍክበትን ቀን ድገመው።